ከ«አይዞህ» በፊት

(ለበጎ ፈቃደኞች ከተሰጠ ሥልጠና የመክፈቻ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ደክማችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁና ወደ ነገሩ ልግባ።

ከዓመታት በፊት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ደወለልኝ። በዚያ ሰዓት ደውሎ አያውቅም። «ተኝተህ ነበር?» አለኝ። ድምፁ የደከመ ነው፤ ግን አልተረበሸም። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም፣ በቃ ደክሞኛል» አለ። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «እኔ ባልኖር ለሁሉም የሚቀል ይመስለኛል» አለኝ።

ክው አልኩ። ወዲያውም ማውራት ጀመርኩ። «እንዴት እንዲህ ትላለህ! አይዞህ፣ ያልፋል። አንተ እኮ ጠንካራ ሰው ነህ። ስንቱ ካንተ የባሰ አለ! ልጆችህን አስብ እንጂ። አሁን ተኛ፣ ነገ ተገናኝተን እንጫወታለን።» እሱም «እሺ፣ ልክ ነህ፤ ከእንቅልፍህ ስለቀሰቀስኩህ ይቅርታ» ብሎ ዘጋው። እኔም የረዳሁት መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ።

በማግስቱ ማታ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። ተርፏል። ዛሬም ጓደኛዬ ነው፤ ይህን እንዳወራም ፈቅዶልኛል። ካገገመ ከብዙ ወራት በኋላ ስለዚያ ሌሊት ጠየቅሁት። «ድምፅህ ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ» አለኝ። «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እሺ ያልኩህ።»

ይህን አባባሉን ለብዙ ጊዜ ሳመላልሰው ኖሬአለሁ። ሊሰምጥ የደረሰ ሰው እጁን ዘረጋልኝ፤ እኔ ስንቀጠቀጥ ስላየ እጁን መልሶ እኔን አረጋጋኝ። የምወደው ጓደኛዬ ነው፤ ፍቅር አልጎደለኝም። በዚያ ሰዓት ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም ነበር። ሰው ሲደማ ቁስሉን ጫን አድርጎ መያዝን ከልጅነታችን ጀምሮ እንማራለን። ሰው «መኖር ደከመኝ» ሲለን ምን እንደምንል ግን የሚያስተምረን የለም።

ይህ ጥያቄ በአውስትራሊያ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስትንም አሳስቧቸው ነበር። ቤቲ ኪችነር ነርስና አስተማሪ ናት፤ ራሷም በድብርት ሕመም ውስጥ ያለፈች ሰው ናት። ቶኒ ጆርም ደግሞ የአእምሮ ጤና ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለተራው ሰው የሚሰጥ የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ጀመሩ። ሥልጠናው ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እኔና እናንተ አናክምም፤ የባለሙያ እርዳታ እስኪገኝ ወይም የከፋው ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ግን አብረን መቆየት እንችላለን። አብሮ መቆየትም እንደማንኛውም ሙያ የሚለመድ ነገር ነው።

ቀውስ ስንል ምን ማለታችን ነው? ሰው የለመዳቸው መቋቋሚያዎች ሁሉ አልበቃ ያሉት ሰዓት ማለታችን ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ቀውስ ውስጥ አይደለም፤ ብዙዎች መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ ሥራቸውን እየሠሩ፣ ቤታቸውን እየመሩ ይኖራሉ። በአንጻሩ አንድም ቀን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የማያውቅ ሰው ከሐዘን፣ ከፍቺ ወይም ከሥራ መባረር በኋላ ድንገት ሊናድ ይችላል። ምልክቱ አንዳንዴ ጩኸት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ዝምታ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ የሚወዱትን ዕቃ ለሰው መስጠት፣ ስንብት የሚመስል ንግግር፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት። ከረጅም ጭንቀት በኋላ ያለምክንያት የመጣ መረጋጋትም በቸልታ አይታለፍም። የጓደኛዬ ድምፅ በዚያ ሌሊት የተረጋጋ ነበር ብያችኋለሁ።

ወደ «አይዞህ» ልመለስ። ውብ ቃል ነው፤ ቋንቋችን ካለው ሀብት አንዱ ነው፤ እንድትተዉት አልጠይቃችሁም። ጊዜ ግን አለው። ሰውየው ያለበትን ከነገረን በኋላ ሲባል እጅ እንደ መያዝ ነው። ገና አፉን ሲከፍት ሲባል ግን «ገብቶኛል፣ በቃ ዝጋው» የማለት ያህል ነው። እኔ ለጓደኛዬ በአንድ ትንፋሽ አምስት በር ዘግቼበታለሁ። «ጠንካራ ነህ» ስለው ድካሙን የሚናገርበት ቦታ አሳጣሁት። «ካንተ የባሰ አለ» ስለው በሕመሙ ላይ እፍረት ጨመርኩበት። «ልጆችህን አስብ» ስለው ደግሞ፣ እሱ ሌት ተቀን ልጆቹን እያሰበ ነበር። ሕመሙ የነገረው «ያላንተ ይሻላቸዋል» ብሎ ነው። እኔ ያስታወስኩት መስሎኝ የተናገርኩት ነገር የሚያምመው ቦታ ላይ ጫን አለ።

ታዲያ ምን ይባላል? መጀመሪያ ብዙ አይባልም። አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ ፊት ለፊት ተፋጦ ከመቀመጥ ጎን ለጎን ይሻላል። ስልካችሁን ከእጃችሁ አውጡ። አጭር አጭር ነገር ጠይቁ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው?» «ከዚያስ?» «ከሁሉም የከበደህ የቱ ነው?» «ደክሞኛል» ካላችሁ «ደክሞሃል…» ብላችሁ ጠብቁ። የራሱን ቃል መልሶ ሲሰማ የሚቀጥለው ቃል ይመጣለታል። ዝም ሲል አትሽቀዳደሙ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አሥር ረጅም ነው፤ እኔ ለረጅም ጊዜ ከስድስት ማለፍ አልቻልኩም ነበር። ከሰባትና ከስምንት በኋላ የሚመጣው ንግግር ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ነው።

ማዳመጥ ብቻውን ምን ይፈይዳል የምትሉ ካላችሁ አንድ ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባለ ቄስ ለንደን ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡ ሰዎች የሚደውሉበት አንድ የስልክ መስመር ከፈተ። ደዋዩም፣ በአካል የሚመጣውም በዛ። በጎ ፈቃደኞች ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ሻይ እያቀረቡ ያጫውቷቸው ጀመር፤ ሥራቸው ሰዎቹ ወደ ቄሱ እስኪገቡ ድረስ አብሮ መቆየት ብቻ ነበር። ቫራ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙዎቹ እሱን ሳያገኙት ቀልሏቸው ይሄዳሉ። የተናገሩት፣ የተደመጡትም መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ነበር። በተከታዩ ዓመት የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከበ። ሳማሪታንስ የተባለው ድርጅት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን። ራስን የማጥፋት ሐሳብ አለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በግልጽ ትጠይቃላችሁ። «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» እንዲህ ነው፤ በእነዚህ ቃላት፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ዓይኑን እያያችሁ። ብዙዎቻችን ወደዚህ ስንደርስ እንጠማዘዛለን። «መቼም መጥፎ ነገር አታስብም አይደል?» እንላለን። ይህ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «አላስብም በለኝና ልረፍ» እያልን ነው፤ ሰውየውም ሊያሳርፈን «አይ፣ ኧረ በፍጹም» ይለናል።

የሁሉም ሰው ፍርሃት አንድ ነው፦ «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበት ይሆን?» ይህ በተደጋጋሚ የተጠና ጉዳይ ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ጥናቶቹ አሳይተዋል። እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል፤ ብቻውን የያዘውን ነገር አንድ ሰው በስሙ ጠራለታልና። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት እንደሚሞቱ ይገልጻል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 በሆኑት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ይህን ያህል ሰው የሚያልፍበትን ነገር በስሙ ለመጥራት የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

መልሱ «አዎ» ቢሆንስ? አትደንግጡ አልላችሁም፤ ትደነግጣላችሁ። ድንጋጤያችሁን ግን ለሰውየው አታሸክሙት። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ» በሉት። ቀጥሎም እንዴት እንደሚያደርገው፣ መቼ እንደሚያደርገው አስቦ እንደሆነ፣ የሚጠቀምበት ነገር እጁ ላይ እንዳለ ጠይቁ። ዕቅዱ በዝርዝር እየተነገረ በሄደ ቁጥር አደጋው ቀርቧል። ዕቅድ የለኝም ያለውንም ሰው ግን ደህና ነው ብላችሁ አትተዉት።

እዚህ ላይ ከምንም በላይ ተስፋ የሚሰጠኝን ነገር ልንገራችሁ። ሪቻርድ ሳይደን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ በሰው እጅ ተይዘው የተመለሱ 515 ሰዎችን ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ያገኘውን አሳተመ። ከመቶ 94 ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይ በተፈጥሮ ሞት ነበር ያረፉት። «ዛሬ ብታስቆመው ነገ ማድረጉ አይቀርም» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የመሞት ፍላጎቱ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ አስፈሪው ጫፍ ብዙ ጊዜ ረጅም አይደለም። የእኛ ሥራ ያ ጫፍ እስኪወርድ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን፣ እጁም የሚጎዳው ነገር ላይ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

ስለዚህ መድኃኒትም ይሁን መሣሪያ፣ ሊጠቀምበት ያሰበው ነገር ከቤቱ ይውጣ። በስርቆት ሳይሆን በንግግር፦ «ይሄን ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ላስቀምጠው?» ስትሉት ብዙዎቹ ይሰጧችኋል፤ የእነሱም ግማሽ ልብ መትረፍ ይፈልጋልና። መጠጥም ይራቅ። አደጋው የቀረበ ከሆነ የአካባቢያችሁን የድንገተኛ እርዳታ ቁጥር ደውሉ፣ ወይም አብራችሁት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «ነገ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ማለት በዚያ ሰዓት ለሰውየው ተራራ ውጣ እንደ ማለት ነው፤ ቀጠሮውን አብራችሁት ያዙ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥም አብራችሁት ተቀመጡ። መሣሪያ የያዘ ወይም ራሳችሁን የሚያሰጋ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ራቅ ብላችሁ እርዳታ ጥሩ።

«ለማንም እንዳትናገር፣ ማልልኝ» ይሏችኋል። አትማሉ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ የጓደኝነት ነገር ያታልላልና። «ሕይወትህን ደብቄ ልይዝ አልችልም፤ ለማን እንደምንናገር ግን አብረን እንወስን» በሉት። የተቆጣ ጓደኛ ይታረቃል።

ቀውስ ሁሉ ግን ራስን የማጥፋት ሐሳብ አይደለም። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ የሚያሳድዱት ያሉ የሚመስለው ሰው ያጋጥማችኋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያደረገችውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ወጣት በሕንፃ ኮሪደር ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጣሪያው መብራት ላይ ተክሎ «በዚህ ውስጥ ነው የሚያዳምጡኝ» እያለ ይጮሃል። ሰው ከቦታል፤ አንዱ «ምንም የለም እኮ!» ይላል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እሷ በመጀመሪያ ሰዎቹን በዝግታ አስወጣች። ሬዲዮ ከተከፈተበት ቢሮ ገብታ አዘጋችው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ፣ መውጫውን ሳትዘጋበት፣ እጆቿን እንዲያያቸው ዘርግታ ቆመች። ስሟን ነገረችው። «እኔ አይሰማኝም» አለችው፤ «አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ። ምን ቢደረግ ትንሽ ይቀልሃል?» ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣሪያው ላይ ዓይኑን አንሥቶ አያት። «መብራቱ ይጥፋ» አለ። ሄዳ አጠፋችው።

በቃ፣ ይኸው ነው። አልተከራከረችውም፤ «አዎ፣ ያዳምጡሃል» ብላ አልዋሸችውም። ፍርሃቱ ግን እውነት ነው፤ ለፍርሃቱ መልስ ሰጠች። በኮሪደሩ ደብዛዛ ብርሃን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ እሷም ቁጭ አለች። እህቱ መጥታ አብረው ወደ ሐኪም ሄዱ። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ለማንም አደገኛ አይደሉም፤ እንዲያውም ጉዳት የሚደርስባቸው እነሱው ናቸው። ያ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ የነበረው ሰው እስካሁን ያናድደኛል። እባካችሁ፣ ሰውን በመከራው ሰዓት አትቅረጹ።

ፓኒክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ላይ ብዙ አልቆይም። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውየው የሚሞት ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። አጠገቡ ሆናችሁ እናንተ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ይከተላችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወይም ደረቱን የሚያመው ከሆነ ግን የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

አሁን ስለ ማግስቱ። የከፋው ሌሊት ሲያልፍ ሁሉም ይበተናል፤ ሰውየው ግን ከዚያው ሕይወት ጋር ይቀራል። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሆን የደኅንነት ዕቅድ አዘጋጅተዋል። አንድ ወረቀት ነው። ሰውየው ደህና በሆነበት ሰዓት፣ በራሱ ቃል ይጽፈዋል፦ ማዕበሉ ሊመጣ ሲል የማውቀው በምንድን ነው? ብቻዬን ሆኜ ምን ባደርግ ይቀለኛል? ከማን ጋር ብሆን፣ የት ብሄድ ሐሳቤ ይቀየራል? ለማን እደውላለሁ? የትኛው ባለሙያ ዘንድ? ቤቴስ ውስጥ ምን ይወገድ? እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ድንገተኛ ክፍል መጥተው ይህን ዕቅድ ያዘጋጁና ከዚያም በስልክ ክትትል ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል፣ በተከታዮቹ ስድስት ወራት ራስን ወደ ማጥፋት ያዘነበለ ድርጊት የታየባቸው እንደ ወትሮው ከታከሙት በግማሽ ያህል ያነሱ ነበሩ።

የጓደኛዬን ወረቀት አይቼዋለሁ። አራት ላይ ታጥፎ ቦርሳው ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። የመጀመሪያው መስመር «ስልክ ማንሣት ሳቆም» ይላል። ሁለተኛው «አበቦቹን ውሃ ማጠጣት፣ ባያስፈልጋቸውም»። የእኔ ስም አራተኛው መስመር ላይ አለ፤ ከጎኑ በቅንፍ «ሌሊትም ቢሆን» ብሎ ጽፎበታል። ያን ቅንፍ ሳነብ ያለቀስኩት ለቅሶ…

ይቅርታ። ልቀጥል።

ስለ አንድ የድሮ ሥራም ልናገር። ጄሮም ሞቶ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያደረገው ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ተጨማሪ ሕክምና አንፈልግም ያሉ 843 ሰዎች ነበሩ። ለግማሾቹ ያህል ከሆስፒታሉ አጭር ደብዳቤ ይላክላቸው ጀመር። ምክር የለበትም፤ ቀጠሮ የለበትም፤ «ደህና እንደሆንክ ተስፋ እናደርጋለን፤ ልትጽፍልን ብትፈልግ ደስ ይለናል» የሚል ዓይነት ብቻ ነው። ለአምስት ዓመት እየተራራቀ ተላከ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው በጣም ያነሱ ነበሩ። ዛሬ ደብዳቤው የስልክ መልእክት ነው። «አስታወስኩህ፤ መልስ መስጠት አይጠበቅብህም።» ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር፤ የደከመ ሰው መልስ መስጠቱም ዕዳ ይሆንበታል።

ስለ እናንተም አንድ ቃል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የምትወዱትን ሰው በዚህ መንገድ ያጣችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ያልኩትን ሁሉ ስትሰሙ «ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ» እያላችሁ ከሆነ፣ ሁሉን ያደረገ ሰውም የሚያጣበት ጊዜ አለ። ባለሙያም ያጣል። ከዚህ በኋላ መውጣት የሚፈልግ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ባልደረባዬ አለች፣ አብራችሁ ትቀመጣለች። የምትረዱም ስትሆኑ የሰማችሁትን የምታወርዱበት አንድ ሰው ይኑራችሁ።

አሁን ደብተራችሁን አስቀምጡና ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዳችሁ ትናገራላችሁ፤ ሌላችሁ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምክር ሳትሰጡ፣ «አይዞህ»ም «አይዞሽ»ም ሳትሉ ታዳምጣላችሁ። መጨረሻ ላይ ጥያቄውን፣ ያንኑ ጥያቄ፣ በሙሉ ቃሉ ትጠይቃላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲባል ምላስ ይተሳሰራል፤ እዚህ ይተሳሰር፣ እዚያ እንዳይተሳሰር። እኔ ልጀምር። ይህቺ ወንበር ላይ የሚቀመጥልኝ አለ?